አንድ ደራሲ፣ ሦስት ስም

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ከጉራጌ ምድር የወጡ ደራሲ ናቸው። በቸሃ ጉራጊኛ የጻፉት ልቦለድ በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ በ1969 ደግሞ «አፈርሳታ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ልቦለዳቸው ወጣ። እንደ ጉንችሬ ባለች ከተማ ለሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እኚህን ደራሲ መመዝገብ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው መዝገቡን ከወልቂጤና ከቡታጅራ ባልደረቦቹ ጋር ሲያዘጋጅ ነው። አንዱ «ሣህለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሳህለ ስላሴ»፣ ሦስተኛው ደግሞ ገጥሞ «ሳሕለሥላሴ» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያያል።

ለመላላክ ቴሌግራም አለ። በ2013 የተጀመረው ይህ መተግበሪያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚያሻግር ሙሉ መጽሐፍ ሳይቀር ከስልክ ስልክ ይዘዋወራል (የባለመብቱ ፈቃድ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው)። መዝገብ ለማሰናዳት ግን አይመችም። ፋይሉ በተላከ ቁጥር ይባዛል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ ይቀጥላል፤ ውሎ አድሮ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።

ይህን ችግር ጉግል ሺትስ ያቃልለዋል። ሰንጠረዡ አንድ ነው፤ ሦስቱም ካሉበት ሆነው ይጽፉበታል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ስለሚመዘገብ የተበላሸውን ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ባለቤቱም ለአንዱ የማየት ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት የመስጠት፣ ለሦስተኛው የማረም ፈቃድ ይሰጣል። አስቀድሞ ከተዘጋጀ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓትም ይሠራል። እዚያ ውስጥ ባይገባ የሚሻለው የተዋሾች ስምና ስልክ ነው፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ የሚያየው ሰንጠረዥ ላይ ማን ምን እንዳነበበ መታየት የለበትም።

የስሙን ነገር ግን ሰንጠረዥ አይፈታውም። ለዚህ ኮሃ ይሻላል። ኮሃ በኒው ዚላንድ የገጠር ከተሞችን ለሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በጋራ ያሻሽሉታል። ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ዋና መዝገብ ይከፈትለታል፤ ሌሎቹ አጻጻፎች እዚያው ይያያዛሉ። አንባቢው በየትኛውም «ሰ» ቢፈልግ ወደ አንድ ሰው እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ኮምፒውተር ተጭኖ በውስጥ መስመር ስለሚሠራም ኢንተርኔት ባይኖር ማዋስ አይቋረጥም። ደካማ ጎኑ የሚጭነውና የሚጠብቀው የኮምፒውተር አዋቂ መፈለጉ ነው።

ሌላው ፈተና የአባት ስም ነው። አብዛኛው የውጭ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቅና ኢትዮጵያዊውን ደራሲ በአባቱ ስም ይመድበዋል። በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2006 የወጣው የዋቢ ጽሑፎች ማሰባሰቢያ ሶፍትዌር ዞቴሮ ግን ስምን ሳይከፍሉ በአንድ ሳጥን ለመጻፍ ይፈቅዳል፤ በቡድን የሚጠቀሙበት የጋራ ስብስብም አለው። ስለ ጉራጌ የተጻፉ ጥናቶችን ዝርዝር ለሚያሰባስቡ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ከብዙ የጌጥ አገልግሎት ይበልጣል።

ከሁሉም የከፋው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ምልክቶች ቦታ ይተኩት ነበር፤ በእነሱ የተተየበ የቆየ መዝገብ ወደ ጋራ ሰንጠረዥ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል፣ በፍለጋም አይገኝም። ጉራጊኛ ደግሞ ከዚህ በላይ ጠብቋል። ለሰባት ቤት ጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2005 ሲሆን፣ ለአዲሱ የጉራጊኛ አጻጻፍ 28 ፊደላት የተጨመሩት በ2021 ነው።

ያረጀ ስልክ እነዚህን አዳዲስ ፊደላት ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያቸዋል። ስለዚህ ጉንችሬ ላይ የእኖር ጉራጌ ተረትና ምሳሌ ሰብስቦ የሚያጋራ ሠራተኛ ለአንባቢ ፎንቱን ያቀፈ ፒዲኤፍ ቢልክ ይሻለዋል፤ አብረውት ለሚያርሙት ደግሞ ፋይሉን በዩኒኮድ እንደተተየበ፣ ፎንቱንም ጨምሮ ይልካል።