ከስትሮክ በኋላ አንጎልን ያድናል የተባለው መድኃኒት

ስትሮክ በብዛት የሚመጣው የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ሥር ሲዘጋው ነው። ደም ያልደረሰው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የሚገርመው፣ ደሙ ሲመለስም ጉዳት አለ። ኦክስጅን ሲመጣ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ነገሮች በብዛት ይፈጠሩና የተረፈውን ሴል ያጠቃሉ። አንቲኦክሲዳንት ማለት እነዚህን የሚያከሽፍ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በአይጦች ላይም ሠርቷል።

በሰው ላይስ? አስትራዜኔካ የተባለው ኩባንያ ኤንኤክስዋይ-059 የሚባል መድኃኒት ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመጀመሪያ ጥናት፣ 1700 ያህል በሽተኞች ያሉበት፣ ተስፋ ሰጠ። ከ3000 በላይ ሰዎች የገቡበት ሁለተኛው ግን ምንም ጥቅም አላሳየም፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ተወው። ጃፓን ግን ኤዳራቮን የተባለውን ከ2001 ጀምሮ ለስትሮክ በደም ሥር ትሰጣለች።

አንዳንዶቻችን ዘመድ ከውጭ የላከውን ቫይታሚን ኢ ለዚሁ ብለን እንውጣለን። በ2010 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው ቫይታሚኑ በመዘጋት የሚመጣውን ስትሮክ በ10 በመቶ ቢቀንስም፣ ደም የሚፈስበትን፣ የባሰውን ማለት ነው፣ በ22 በመቶ ይጨምራል። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለሌላ አደርገዋለሁ።

ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ስንት ሰዓት እንደጀመረው ያዙና ወደ ክሊኒክ ሩጡ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሪፈር ለማጻፍም ጊዜ ይፈጃል። እስኪታይ ድረስ ውሃም ክኒንም በአፉ አትስጡት፤ መዋጥ ካቃተው ትን ይለዋል።