እጅ ያሰመረው የሚመስል መስመር በገጽ ቅንብር ሶፍትዌር

በኢንዲዛይንም ሆነ በነፃ በሚገኘው ስክራይበስ ገጽ የሚያቀናብር ሰው አንድ መስመር ሲያሰምር፣ ሶፍትዌሩ የሚመዘግበው መስመሩ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች፣ ውፍረቱንና ቀለሙን ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢጎላ ጠርዙ አይሻክርም፤ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ቬክተር የሚባለው ይህ አሠራር ጠማማ መስመሮችን የሚገልጸው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ቤዚየር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሬኖ ኩባንያ ለመኪና አካል ንድፍ በተጠቀመበትና ዛሬም በስሙ በሚጠራው የሒሳብ ዘዴ ነው። ለመኪና የተፈለገው ልስላሴ ግን የልጆች መጽሐፍ ወይም የምግብ አሠራር ገጽ ላይ ሲገባ ድርቅ ያለ መልክ ይሰጣል፤ ዲዛይነሮች በእርሳስ የተጫረ የሚመስል መስመር የሚፈልጉትም ለዚህ ነው።

ጀማሪዎች ይህን መልክ የሚሹት መስመሩን በማንቀጥቀጥ ነው፤ የሠለጠነ እጅ ግን አይንቀጠቀጥም። ረጅም መስመር ሲስብ በዝግታ ጎበጥ ይላል፣ ሲጀምር ጫን ብሎ ሲጨርስ ይሳሳል፣ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ጥቂት አልፎ ይቆማል፣ አንዳንዴም ያንኑ መስመር ደግሞ ይስበዋል። አስመስሎ መሥራት የሚቻለው እነዚህን ባሕርያት ለይቶ ላወቀ ብቻ ነው።

ኢንዲዛይን ይህን በአንድ ጊዜ የሚፈጽም ትእዛዝ የለውም። ከመስመር ዓይነቶቹ መካከል ሞገድ መሳይና ነጠብጣብ ቢኖሩም፣ ሁሉም በእኩል ርቀት ራሳቸውን ስለሚደግሙ ማሽንነታቸው ወዲያው ይታወቃል። የተሻለው መንገድ፣ ለምሳሌ ሳጥን ሲሠራ፣ ሳጥኑን እንደ አንድ ቅርጽ ከመሥራት ይልቅ በአራት የተለያዩ መስመሮች ማቆም ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ከማዕዘኑ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር እንዲያልፍ ይደረግና፣ መካከሉ ላይ አንድ ነጥብ ተጨምሮ በጣም በትንሹ ይጎብጣል፤ ከዚያም መስመሮቹ ተቀድተው፣ ቅጂው ቀጠን ብሎ በግማሽ ዲግሪ ያህል ይዞራል።

በቬክተር ሥዕል መሥሪያው ሶፍትዌር በኢሉስትሬተር የሚሠራ ሰው መስመርን የሚያሻክር ትእዛዝና የከሰል ወይም የእርሳስ ብሩሽ ያገኛል። በማሻከሪያው ትእዛዝ መጠኑንና የነጥቦቹን ብዛት ዝቅ አድርጎ፣ ከሾለው ይልቅ ለስላሳውን ጠርዝ መምረጥ ይበጃል፤ አለዚያ ውጤቱ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን፣ የሚገርም ቢመስልም፣ መስመሩን በእውነተኛ ቀለም ወረቀት ላይ ስቦ ስካን ማድረግ ነው። በኢንች 1200 ነጥብ፣ ግራጫ በሌለው ጥቁርና ነጭ የተነሣ የቲፍ ፋይል በኅትመት ጠርዙ ጥርት ይላል፤ ኢንዲዛይን ውስጥ ገብቶም የተፈለገውን ቀለም ይቀበላል።

መልኩ የራሱ መልእክት አለው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን የማግደቡርግ ተመራማሪዎች ለአርክቴክቶች አንድን ሕንፃ በተለያየ አሣሣል ባቀረቡላቸው ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ረቂቅ ተመራጭ የሆነው በእጅ የተነደፈ የሚመስለው ነበር፤ ለመጨረሻው አቀራረብ ግን ሌሎቹ ተመረጡ። እንዲህ ያለው መስመር ጉዳዩ ገና አላለቀም ስለሚል ለሐሳብ፣ ለጨዋታና ለማብራሪያ ሥዕል ይስማማል። ቁጥር በሚነበብበት ግራፍ ላይ ግን የዓምዱ ጫፍ ከጎበጠ አንባቢው መጠኑን ይስታል፤ እዚያ ቀጥ ያለውን መስመር መተው አይገባም።