ተስፋ እንዴት ይሠራል?

መንገዱ በተዘጋ ሰሞን በአዊ፣ በጥርባ ደጋ መኮትኮቻውን ይዞ ወደ ድንቹ የሚሄድ ገበሬ «ለየትኛው ገበያ ነው?» ቢባል የሚመልሰው ብዙ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ለአዊም ተርፏል። መኪና ሲቆም፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ፣ ሰው የሚያቅደው ነገ ያጣል። ገበሬው ግን ይኮተኩታል። እሱን ያየ «ተስፋ ቢኖረው ነው» ይላል። እኔ ከኩትኳቶው የሚቀድም ተስፋ ያለ አይመስለኝም፤ ተስፋው የሚመጣው ማታ፣ የተኮተኮተውን መደብ ዞር ብሎ ሲያየው ነው። ለምን እንዲያ እንደሚሆን የአንጎል ተመራማሪዎች ከሞላ ጎደል ደርሰውበታል።

ታሪኩ የሚጀምረው በውሾች ነው። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት ሙከራ ዛሬ ቢሆን በጭካኔው የሚፈቅድላቸው አያገኙም ነበር። ሁለት ውሾች ታስረው እኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። አንደኛው አጠገቡ ያለውን ሰሌዳ በጭንቅላቱ ሲገፋ ንዝረቱ ይቆማል። ለሁለተኛውም ንዝረቱ ያንኑ ያህል ቆይቶ ይቆማል፤ እሱ ግን ቢታገልም ባይታገልም የሚለወጥ ነገር የለም። የሁለቱ ሕመም በመጠንም በጊዜም አንድ ነው። በማግስቱ ሁለቱም በአጭር አጥር ለሁለት የተከፈለ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ አጥሩን የዘለለ ከንዝረቱ ያመልጣል። ሰሌዳ ይገፋ የነበረው ይዘላል። ከሁለተኛው ወገን ውሾች ግን አብዛኞቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ።

ለብዙ ዓመታት የተሰጠው ትርጓሜ «ውሻው አቅመ ቢስ መሆኑን ተማረ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን እነዚያው ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ትርጓሜ ገለበጡት። በመካከሉ የተደረገው የአንጎል ጥናት እንዳሳያቸው፣ መከራ ሲረዝም እጅ አጣጥፎ መተኛት ትምህርት አያስፈልገውም። በአንጎል ግንድ ላይ ያሉ ሕዋሳት ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ሲለቁ እንስሳው መሸሽም መታገልም ይሳነዋል፤ ፍርሃቱ ደግሞ ይብሳል። ይህ በተፈጥሮ የተሰጠ የመጀመሪያ መልስ ነው። በትምህርት የሚመጣው ሌላው ነው፤ «ያደረግሁት ነገር ለውጥ አመጣ» ማለት። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ይህን ሲያውቅ ወደታች ምልክት ልኮ እነዚያን ሕዋሳት ጸጥ ያሰኛቸዋል። አንዴ የተማረውም ለቀጣዩ መከራ ስንቅ ይሆነዋል።

እንግዲያው በክፉ ቀን ከአልጋው መነሣት ያቃተውን ሰው «ሰነፍ» ወይም «እምነት የጎደለው» ማለት ግፍ ነው። አካሉ የሚያውቀውን አደረገ እንጂ አልለገመም።

ከዚህ ተነሥተን «ትንሽ እርምጃ ውሰዱ» የሚለውን የተለመደ ምክር እንመርምረው። ትንሽነቱ ብቻውን አይረባም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረትም ስለ ትዕግሥት እንጂ ስለ አንጎል የሚነግረን የለም። አንጎል የሚፈልገው እጅና ውጤት ሲያያዙ ማየት ነው። ስለዚህ ሥራው ውጤቱ በሰሪው እጅ ያለ፣ ቢቻል በዚያው ቀን የሚታይ መሆን አለበት። የገበያ ዋጋና የመንገዱ መከፈት በእጃችን አይደሉም፤ ቀኑን ሙሉ ወሬ ማሳደድም እንደ ሁለተኛው ውሻ ነው፣ ብንሰማም ባንሰማም የሚለወጥ የለም። ለዘር የተቀመጠ ድንች ግን በእጅ ነው። የበሰበሰውን ለቅሞ ማውጣት፣ ደህናውን ፀሐይ ሳይመታው ብርሃን በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ሳሳ አድርጎ መደርደር። በጨለማ የተከመረ ድንች ነጭና ቀጭን ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል። ብርሃን ያገኘው አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ያጎነቁላል። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው፤ የወጣው ብስባሽም የቀረው ድንችም ማታውኑ ይታያል።

አዊ ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤቱ በየጊዜው የሚታይ ሥራ ሰፍቶ የአገር ገጽ ሲለውጥ የታየው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። ብዙ ዝናብ የመሬቱን ካልሲየም አጥቦ አሲዳማ አድርጎት ነበር። ምርት ሲያሽቆለቁል ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ተከሉ። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ፍል ውኃ ካላገኘው ቶሎ አይበቅልም። ዛፉ ለከሰል የሚደርሰው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ነው፤ ልጅ ለሚያበላ ሰው ይህ ረጅም ነው። ታዲያ እንዴት ጠበቁ? ዝም ብለው አልጠበቁም። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራሉ። ዛፎቹ ከፍ ሲሉ ለእህል ቦታ ባይቀርም ከሥራቸው የሚበቅለው ሣር እየታጨደ ለከብት ይሆናል፣ ይሸጣልም። ከዚያ ዛፉ ይቆረጣል፣ አፈር ለብሶ ይከስላል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። በሥሩ ናይትሮጅን የጠገበው መሬት ደግሞ እንደገና እህል ይቀበላል። በየዓመቱ አንድ የሚጨበጥ ነገር ባይኖር ስድስት ዓመት የሚጠብቅ አንጀት ስንቱ ጋ ይገኝ ነበር?

መጨረሻው ያማረ ብቻ ነው ብዬ አልሸፍንም። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን አጥቅቶ ብዙ ተክል አድርቋል። ሀብቱን ሁሉ በዚያ ዛፍ ላይ ያደረገ ክፉኛ ተጎዳ።

መነሣት ላቃተውስ? መልሱ ከዚያው ከውሾቹ ላቦራቶሪ መጣ። ተመራማሪዎቹ ከአጥሩ ማዶ ሥጋ አስቀምጠው ቢያባብሉም፣ ቢጣሩም የተኙት ውሾች አልተነሡም። የሠራው ገመድ ነበር፤ ውሻውን እየጎተቱ ወደ ማዶ ማሻገር፣ አሁንም አሁንም። ከብዙ ጉተታ በኋላ ገመዱ እየላላ ሄደና ውሾቹ በራሳቸው መዝለል ጀመሩ። ባዶ ማጽናኛ እንደዚያ ሥጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ደቦ የሚወጣ ጎረቤት «አይዞህ» ብሎ አይመለስም፤ እማሳው ድረስ አብሮ ይሄዳል፣ እርፉን ያስጨብጣል። ዕቁብም ሳምንቱ በደረሰ ቁጥር ሰውን ከቤት ያወጣል።

የሌላ ሰው መንገድ ማየትም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ፣ በ64 መንደሮች በተደረገ ጥናት ለተመረጡ ነዋሪዎች አጫጭር ፊልሞች ታዩ። ባለታሪኮቹ እንደ ተመልካቾቹ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ከድህነት እንዴት እንደወጡ፣ ከየት እንደጀመሩ ይናገራሉ። ገንዘብም ዘርም አልተሰጠም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ቁጠባቸው ጨምሮ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡትም ከፍ ብሎ ተገኘ። የከተማ ሀብታም ቢያዩ ኖሮ እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም፤ ያዩት እነሱው ሊሄዱበት የሚችሉትን መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የእህል፣ የመድኃኒትና የሰላም ምትክ አይሆንም። የተራበን ሰው «ትንሽ ጀምር» ማለት በረሃቡ ላይ ኃላፊነቱን መጨመር ነው። ሐዘኑ ወይም ድብርቱ ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ያስተወው ሰው ጤና ጣቢያ መታየት አለበት፤ መሞት መፈለጉን የተናገረ ደግሞ በዚያው ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ለማይገኝበት ቦታ ያዘጋጀው የአምስት ጊዜ ውይይት አለ፤ የሠለጠነ ተራ ሰው ሊመራው ይችላል። ከሚያስተምረው አንዱ የተተወን ቀላል ሥራ መርጦ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ የሚጠራው ሰው ቢኖር ይሻላል።