ገደሉን በክንድ

አከርካሪው የተጎዳ ሰው ወደ ተራራና ወደ ወንዝ ለመመለስ እግሩ እስኪድን መጠበቅ አለበት የሚለው አስተሳሰብ፣ በቅንነት ቢነገርም፣ ዕድሜ ይበላል። አሜሪካዊው ማርክ ዌልማን እ.ኤ.አ. በ1982 በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እግሩ አልዳነም። በ1989 ግን 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የኤል ካፒታን ገደል ወጣ። ጓደኛው ማይክ ኮርቤት ከፊት እየወጣ ገመድ ያስርለታል፤ እሱ ገመዱን ነክሶ የሚይዘውን እጀታ ወደ ላይ ገፍቶ ሰውነቱን በክንዱ ይስባል። አንዱ ስበት ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ 7000 ጊዜ ያህል ደጋገመው።

“እሱ ልዩ ሰው ነው” ይባል ይሆናል። ጉልበቱ ልዩ ነው፣ መንገዱ ግን አይደለም፦ የቀረውን አቅም ለይቶ ማወቅ፣ መሣሪያውን ለዚያ አቅም መሥራት፣ ሥራውን ከጓደኛ ጋር መከፋፈል። በእጅ የሚዘወር ብስክሌትና መደገፊያ ያለው የታንኳ መቀመጫ የተሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የአደጋው ነው፤ እውነትም አለው። ስሜት የሌለው ቆዳ ሲላላጥ አያሳምም፣ ቁስሉም ሳይታወቅ ይሰፋል። ጉዳቱ ወደ አንገት የቀረበ ሰው ደግሞ በደንብ ስለማያልበው ፀሐይ ቶሎ ትጎዳዋለች። ነገር ግን የመቀመጫ ቁስል ቤት ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የሚውለውንም ይይዘዋል። ስለዚህ ሐኪሙ “ተው” ብሎ ከሚያሰናብት፣ ፍራሹን፣ ጥላውንና ቆዳ የሚፈተሽበትን ሰዓት አብሮ ቢያቅድ ይሻላል።