ጸበል፣ ክኒን፣ ጾር

በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ለጸበልተኞች አንድ መልእክት በይፋ አስተላለፉ፤ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለሆኑ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው አያስፈልግም የሚል። ዛሬ ሲሰሙት የሚያከራክር አይመስልም። ያኔ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። «የዕድሜ ማራዘሚያ» የተባለው የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት አለፍ ብሎት ነበር። እንጦጦ ማርያም ዙሪያ ደግሞ ከየአገሩ የመጣው ሕመምተኛ ጎጆ ተከራይቶ፣ ላስቲክ ወጥሮ ይጠመቃል። ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ጀምሮ ያቋረጠ፣ ጭራሽ ያልጀመረም ነበር።

የፓትርያርኩ ቃል የክኒኑን ጥያቄ መለሰ። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን እንዳለ ቀረ። ሰው ላይ ከሚደርሰው መከራ የቱ የመንፈስ ነው? የቱ የሥጋ ነው? የቱስ የራሱ የሰውየው? በዚያው ዓመት በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ 60 በላይ የሚሆነው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ነኝ ብሏል። ከዚህ ሕዝብ ብዙው በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም ወገን በዓይን ከማይታይ ጠላት ጋር ውጊያ እንዳለበት ያምናል፤ ስለዚህ ጥያቄው የጥቂት መነኮሳት ጉዳይ አይደለም።

ውጊያው በአደባባይ የሚታይበት ቦታ ጸበል ነው። እንጦጦ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ግን ጎህ ሳይቀድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ቢጫ ጀሪካን በየእጁ ነው። ውኃው ሲፈስበት አንዱ «በስመ አብ» ብሎ ያልፋል፤ አንዷ ትንቀጠቀጥና «ተቃጠልኩ! ልቀቀኝ!» ብላ ትጮኻለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም፤ አነጋገሩም የወንድ ይሆናል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፎ፣ መቁጠሪያውን ትከሻዋ ላይ እያሳረፈ ይጠይቃል፦ «ማን ነህ? በምን ያዝካት? መቼ ትለቃለህ?» ድምፁ ይመልሳል። ዛር ነኝ ይላል፣ ቡዳ ነኝ ይላል፣ ዓይነ ጥላ ነኝ፣ በመተት ተልኬ ነው ይላል። አንዳንዴ የላኪዋን ስም ይጠራል፤ የጎረቤት ወይም የአክስት። በመጨረሻ «ጮኸህ ውጣ» ይባላል፤ ይጮኻል። እናት ልጇን ጋቢ አልብሳ እምነት ትቀባታለች።

ይህን አይቶ «ኋላ ቀርነት» ብሎ ማለፍ ብዙ ነገር ያስታል። ጸበል ዋጋ አይጠይቅም፣ ካርድ አያስወጣም፣ ቀጠሮ የለውም። ለቤተሰብ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ይሰጣል፤ ልጃችሁ አላበደችም፣ እናንተም አላጠፋችሁም፣ ያጠፋው ሌላ ነው ይላል። ከዐረብ አገር አእምሮዋ ታውኮ ለተመለሰች ልጅ፣ አሠሪዎቿ ያደረሱባትን አውጥታ ለመናገር ቃል ላጣች፣ ይህ ቀላል ምሕረት አይደለም። ሆስፒታሉ «ሕመምተኛ» የሚላትን ጸበሉ «የተፈተነች» ይላታል። የተፈተነ ሰው ክብሩ አብሮት ነው፤ ኢዮብም ተፈትኗል።

ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው። ለዓመታት በሰንሰለት ታስሮ የሚጠመቅ ወጣት አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አቋርጦ እሳት ላይ የወደቀ አለ። በአጥማቂ ፊት ስሟ ስለተጠራ ብቻ ከመንደሯ የተገለለች አሮጊት አለች፤ ለእሷ የሚጸልይ ግን አይገኝም።

የሕክምናው መንገድ ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ፤ «አማኑኤል ያስፈልገዋል» ማለትም ስድብ ሆነ። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከክፍለ አገር ለሚመጣ ገበሬ ጸበሉ ከሆስፒታሉ ይቀርበዋል፤ በመንገድም፣ በገንዘብም፣ በልብም።

ይህን የተረዱ ሐኪሞች ከካህናቱ ጋር መከራከር ትተው አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። እንጦጦ ማርያም ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተስማምተው የሚሠሩበት ክሊኒክ ተከፈተ፤ ስለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥናት ታትሟል። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ሕመምተኛው ጸበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ካህኑም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይመክረዋል። ሐኪሙ መንፈስ የለም አይልም፣ ካህኑም ክኒን አያስፈልግም አይልም። በ1999 ዓ.ም. ለኤች.አይ.ቪ የተባለው ለአእምሮ ሕመምም ሠራ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የራሱ የሰውየው ድርሻ፣ ግን በጸበሉ ግርግርም በክሊኒኩም አይነሣም። እሱን አጥብቀው የጠየቁት የጥንት አባቶች ናቸው።

የመጀመሪያውን የአክሱም ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ፣ በአራተኛው መቶ ዘመን የታላቁን መነኩሴ የእንጦንስን ሕይወት ጽፏል። በዚያ መጽሐፍ አጋንንት በአውሬ መልክ እየመጡ ሲያስፈራሩ በዝርዝር ይነበባል። እንጦንስ ለደቀ መዛሙርቱ የሚሰጠው ምክር ግን የማስወጣት ሥርዓት አይደለም። አጋንንት ደካሞች ናቸው፤ የሚመጡትም እኛን ባገኙበት ሐሳብ ልክ ነው ይላቸዋል። የፈራውን በፍርሃቱ፣ የጎመጀውን በምኞቱ ይገቡበታል። አንድ ነገር በፊታችሁ ቢቆም አትደንግጡ፣ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ጠይቁት ሲልም ያስተምራል።

የጸበሉ «ማን ነህ?» እንግዲህ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ልዩነቱ ጠያቂው ላይ ነው። በእንጦንስ ዘንድ የሚጠይቀው የተፈተነው ሰው ራሱ ነው፤ የሚጠይቀውም ልቡን አረጋግቶ የመጣበትን ለመለየት ነው። ዛሬ የሚጠይቀው አጥማቂው ሲሆን የሚመልሰው መንፈሱ ነው። የተፈተነው ሰው በሁለቱ መካከል ድምፅ የለውም።

ከእንጦንስ በኋላ በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግርዮስ (ያረፈው በ399 እ.ኤ.አ. ነው) ውጊያውን ወደ ውስጥ ይዞት ገባ። ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘረዘረ፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። ከሁሉ የከበደው ብሎ የገለጸው የቀትሩን ስልቹነት ነው። መነኩሴው ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል። በመስኮት አሻግሮ ዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደቀረው ያያል፣ ጠያቂ ይመጣ እንደሆነ ይመለከታል፣ በዓቱን ይጠላል፣ ሌላ ቦታ ብሆን ይሻለኝ ነበር ይላል። በሁዳዴ ጾም ቢሮ ተቀምጦ ዘጠኝ ሰዓትን የጠበቀ ሰው ይህን ጋኔን ያውቀዋል። አይጮኽም፣ አያንቀጠቅጥም፤ ዝም ብሎ ቀኑን ይበላል።

ይህ ትምህርት በሶርያ በኩል ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በጥቂት ወራት መንበሩን ትቶ ወደ በረሃ የተመለሰው ማር ይስሐቅ ከዚሁ ምንጭ የቀዳ ነው። መጽሐፉ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ተብሎ በትርጓሜ ቤት እስከ ዛሬ ይተረጎማል። በዚህ ትምህርት የሰውን ልብ የሚወጋው ፈተና «ጾር» ይባላል። ጾር ስለመጣ ሰው አይኰነንም፤ ሐሳቡ ደጅ መምታቱ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ሲያንኳኳ ማን ከፈተለት፣ ማንስ ወንበር ሰጠው የሚለው ነው። ለዚህ የታዘዘው መድኃኒትም ጾም፣ ስግደት፣ የእጅ ሥራና ሐሳብን ለንስሐ አባት መግለጥ ነው። ሁሉም ጊዜ ይወስዳል፤ ሁሉም ባለቤቱን ይጠይቃል።

የጥምቀት ሥርዓቱም ይህንኑ ያሳያል። ተጠማቂው፣ ሕፃን ከሆነም ስለ እሱ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ያምናል። ካህኑ ውኃውን ቢባርክም «እክድሃለሁ» የሚለውን ግን ስለ ተጠማቂው ሊለው አይችልም።

ባለፉት ሃያ ዓመታት የሆነው ነገር ከዚህ ይርቃል። መጀመሪያ በቪሲዲ፣ ቀጥሎ በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ አሁን በዩቲዩብና በቲክቶክ ጩኸቱ ከጸበሉ ቦታ ወጥቶ ሳሎን ገባ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሚጮኸውን በስልኩ ያያል። በፕሮቴስታንቱም ወገን «ነጻ የማውጣት አገልግሎት» በካሜራ ፊት ይካሄዳል፤ እዚያ መስቀሉ ማይክ፣ ጸበሉ ዘይት ሆኗል እንጂ ጥያቄው ያው «ማን ነህ?» ነው። ዓይነ ጥላ ትዳር ላጡበት፣ ቪዛ ለተከለከሉበት፣ ንግድ ለከሰሩበት ሁሉ ማብራሪያ ሆነ። በሁለቱም ወገን ያሉ መምህራን ይህን አጥብቀው ይነቅፋሉ፤ የሚነቅፉትም በማያምኑ ሰዎች ክርክር ሳይሆን በራሳቸው መጻሕፍት ነው።

ምክንያቱም የሚጠፋው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ንስሐም ይጠፋል። ሚስቱን የደበደበ ባል በሽማግሌ ፊት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ይታረቃል። የበረሃ አባቶች ቢሰሙት ሰይጣኑን አይክዱበትም፤ እጁ የማን እንደነበረች ግን ይጠይቁታል። ሚስቱም የምትፈልገው ይህ እንዲጠየቅ ነው።

በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን የጣና ጓንጉትን ገዳም የመሠረተችው የክርስቶስ ሠምራ ገድል አንድ የማይረሳ ነገር ይተርካል። ሰዎች በሰይጣን አሳችነት መጥፋታቸው ስላሳዘናት ፈጣሪዋን ሰይጣንን እንዲምረው ለመነችው። ተፈቅዶላት ልትጠራው ሄደች፤ እሱ ግን ይዞ ወደ ሲኦል ጎተታት፤ ሚካኤል ደርሶ አወጣት፣ ብዙ ነፍሳትም አብረዋት ወጡ። በዚህ ታሪክ ጠላቱ እውነተኛ ነው፣ አደገኛም ነው። ሴትዮዋ ግን ተጎታች ብቻ አይደለችም፤ አስባለች፣ ለምናለች፣ መርጣለች፣ ተሳስታለችም። ውጊያው የራሷ ነው።

የሚያስፈልገው አዲስ ነገር አይደለም። ታዋቂ በሆነ ጸበል ሁሉ እንደ እንጦጦው ካህንና ነርስ የሚነጋገሩበት ክፍል ይኑር። ሰንሰለት ይቅር፤ በመንፈስ አፍ የሰው ስም ማስጠራትም ይከልከል። አጥማቂው «ማን ነህ?» ከማለቱ በፊት ልጅቷን በስሟ ጠርቶ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰባትና ማን እንደጎዳት ይጠይቃት። ጤነኛውንም፣ «ተያዝኩ» ብሎ የመጣውን ነጋዴና «ሰይጣን አሳሳተኝ» ያለውን ባል፣ ከጸበሉ በፊት ወደ ንስሐ አባቱ ይላከው። ይህን የሚያደርግ ካህን ከእምነቱ የሚጎድልበት የለም፤ እንጦንስ ያስተማረውን ጥያቄ ለባለቤቱ መለሰ እንጂ።