«ገቢያችን ጨመረ» ከሚለው ርዕስ በታች ያለው ነገር

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር እኛ እንጅባራም የቡና ላይ ወሬው እሱ ነበር። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ በድምሩ 9,900 ብር። ለዳንግላ ወይ ለእንጅባራ ወጣት ይሄ ቀልድ የሚባል ብር አይደለም። በዚያው ዓመት ጥር 2 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመረቀ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። እንግዲህ ከአሁን በኋላ የኩባንያ ሪፖርት የባለሀብት ብቻ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

ችግሩ ሪፖርቱ ቴሌግራም ላይ ሲደርሰን አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መምጣቱ ነው፤ ገቢ። ገቢ ግን ትርፍ አይደለም፣ ትርፍም እጅ ላይ ያለ ብር አይደለም።

የኛን አገር ከሰል እንውሰድ። አንድ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንሱን አክስሎ በ60,000 ብር ሸጠ እንበል። ለጉልበት፣ ለማዳበሪያ ከረጢትና ለመጓጓዣ 42,000 ወጣ። ትርፉ 18,000፣ አሪፍ ነው። ነጋዴው ግን 25,000ውን «ሳምንት እከፍላለሁ» ብሎ ከሄደ ገበሬው የተቀበለው 35,000 ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ አትርፏል፣ ኪሱ ግን 7,000 ጎድሏል። ለዚህ ነው ከትርፍና ኪሳራው ቀጥሎ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚባለውን ገጽ ማየት ያለባችሁ። ብዙ ሰው እዚያ አይደርስም።

ሌላው የብሩ አቅም ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ዓመታዊ ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 162 ቢሊዮን ደረሰ። ጭማሪው 73 በመቶ ገደማ ነው፣ ያስጨበጭባል። በመሃል ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወስኖ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ መጨረሻ ከ130 አልፏል። በዶላር ስትመነዝሩት ያ ሁሉ ጭማሪ የለም። ኩባንያው አልሠራም እያልኩ አይደለም፤ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም ነው የምለው።

«የዕቅዱን ይህን ያህል በመቶ አሳካ» የሚለው አባባል ደግሞ እኔን አያሳምነኝም። ዕቅዱን ያወጣው ራሱ ነዋ! የሚሻለው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት ጋር ማወዳደር ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሆነ ክረምት ነው፤ አዝመራ ከሚሰበሰብበት ከሁለተኛው ጋር ማነጻጸር አይሆንም። የሦስት ወር ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ኦዲተር ያልተመረመረ መሆኑንም ያዙልኝ።

ባንክ ከሆነ ደግሞ ከትርፉ በፊት የተበላሸ ብድሩንና ለሱ የያዘውን መጠባበቂያ ፈልጉ። ባንኩ መጠባበቂያውን አሳንሶ ከያዘ፣ የዚያ ሩብ ዓመት ትርፍ በዚያው ልክ አብጦ ይታያል።