የኤሌክትሪክ አገልግሎት ውራጅ ዕቃና የነጋዴው ጥንቃቄ

መብራት የሚያከፋፍል ድርጅት ሁሉ በየዓመቱ ከአገልግሎት ውጪ የሚያደርገው ብዙ ዕቃ አለው። በሐረር ከተማ፣ በአቦከርም ሆነ በጀጎል ቅጥር ውስጥ የሚነግዱ ሰዎች ከዚህ ዕቃ አንዳንዱ በገበያ ሊያጋጥማቸው ስለሚችል፣ የትኛው ጥቅም የትኛው መርዝ እንደ ሆነ ለይተው ቢያውቁ መልካም ነው።

በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ የውጭ አገር የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ትልቁ ውዳቂያቸው አመድ ነው፤ በጃፓን ይኸው አመድ ለሲሚንቶ መሥሪያ ይውላል። አገራችን ግን ኃይሏን በብዛት የምታገኘው ከውሃ ስለ ሆነ፣ የእኛ ውዳቂ በይበልጥ የሚወጣው ከማከፋፈያው መሥመር ነው፤ ይኸውም የተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ ያረጀ ቆጣሪ፣ የወደቀ ምሰሶና የሞተ ባትሪ ነው። በ1948 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የተዘረጋው መሥመር ብዙ ዘመን ያስቈጠረ በመሆኑ፣ የሚለወጠውም ዕቃ እየበዛ ይሄዳል።

ከነዚህ መካከል መዳብና አሉሚንየም ደጋግመው ቢቀልጡም ባሕርያቸው አይለወጥም። አሉሚንየምን ከውራጅ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ኃይል ከማዕድን ለማውጣት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የባትሪ እርሳስም እንዲሁ ተመልሶ ይሠራል።

አደጋው ያለው በትራንስፎርመር ዘይት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዝ ይገኛል፤ ይህም ቆዳንና ጉበትን ይጎዳል፣ ነቀርሳ ያመጣል፣ በእናት ጡት ወተት ወደ ሕፃን ይተላለፋል። በዓይንም በሽታም ስለማይለይ፣ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የስቶክሆልም ስምምነት ይህ መርዝ ያለባቸው መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ መርዙም እ.ኤ.አ. እስከ 2028 በተገቢው መንገድ እንዲወገድ ይጠይቃል።

የአንድ ድርጅት ውጤት የሚለካው ከጣለው ዕቃ ስንት እጁን መልሶ ለሥራ እንዳዋለ በማስላት ነው። ከ100 ኩንታል ውዳቂ 95 ኩንታል ብረትና ሽቦ ቢሸጥ፣ ውጤቱ 95 በመቶ ይባላል። ነገር ግን የቀረው 5 ኩንታል የተመረዘ ዘይት ከሆነና ወደ መሬት ከፈሰሰ፣ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። ስለዚህ ከመቶኛው ጋር የአደገኛው ውዳቂ መድረሻ አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

በዚህ ምክንያት ለነጋዴው የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሽቦና ብረት የሚገዛ ሰው በጨረታ የተሸጠ ለመሆኑ ማስረጃና ደረሰኝ ይጠይቅ። የስልክና የኤሌክትሪክ መሥመሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ስላለ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሽቦ መግዛት በርካሽ የተገኘ ትርፍ ሳይሆን ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛ፣ የትራንስፎርመር ዘይት ለምግብ፣ ለቅባት ወይም ለማገዶ አይሸጥ፤ ዘይት የያዘበት በርሜልም ለውሃና ለእህል መያዣ አይሁን።

ሦስተኛ፣ በመድኃኒት የተነከረ የእንጨት ምሰሶ ለዳቦ ቤት ማገዶ አይዋል፤ ጢሱና አመዱ ይመርዛልና።

ሽቦውን ከፕላስቲኩ ለመለየት ማቃጠልም መርዛም ጢስ ስለሚያወጣ፣ በመላጥ መለየት ይገባል። እንዲህ የላጠው ነጋዴ መዳቡን ሳይጠቁር በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ የጎረቤቱንም ጤና ይጠብቃል።